ጠቋሚው ለምን ይስታል? በትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች ላይ ስህተትን በቅደም ተከተል ስለ መፈለግ

በትምህርት ቤቶች የንብረት መዝገብ ላይ «የተበላሸ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ጠቋሚው በስክሪኑ ላይ እየዘለለ አልታዘዝ ያለበት ኮምፒዩተር፣ ጠቋሚው እንደ ልብ እየሄደ የሚጫኑት ሁሉ ግን መልስ የነፈገበት ኮምፒዩተር፣ የአሸዋ ሰዓት ምልክት ወጥቶ አልመለስ ያለበት ኮምፒዩተር፣ ሦስቱም በአንድ ዓምድ ሥር «ማውሱ የተበላሸ» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ። ይሁን እንጂ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ስህተቶች ናቸው፤ የሚገኙበት ስፍራም ሆነ የሚታረሙበት መንገድ አይገናኝም። አዲስ ማውስ በመግዛት ሊወገድ የሚችለው ምናልባት የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም።

ይህ ልዩነት እንደ ዋጃ ባሉ ስፍራዎች ለሚያስተምሩ መምህራንና ለእነርሱ ዕቃ ለሚመድቡ የፕላን ሠራተኞች ትልቅ ትርጉም አለው። ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በራያ ሜዳ የምትገኝ ከተማ ናት። አካባቢው ሞቃት፣ በበጋም አቧራማ ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ወሎ በተካሄደው ጦርነት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ ንብረታቸውም ተዘርፏል። ከዚያ የተረፈች ወይም በኋላ የተገኘች አንዲት ኮምፒዩተር ያለ በቂ ምርመራ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ስትገባ፣ ከክፍሉ የሚጎድለው አንድ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ተራቸውን የሚጠብቁ የብዙ ተማሪዎች የልምምድ ሰዓት ነው።

ስህተቱን ለመፈለግ የሚያስፈልገው ዘዴ ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም። በቆቦ ሜዳ ከሆርማትና ከጎሊና ወንዞች የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈው ማሳቸውን የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ። ውሃው ማሳው ዘንድ ያልደረሰለት ገበሬ ማሳውን አይቆፍርም፤ ቦዩን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ከአንዱ መታጠፊያ ላይ ውሃ ካገኘ ጉድለቱ ከዚያ በታች ነው፤ ካላገኘ ከዚያ በላይ ነው። ፍለጋውን ከቦዩ እኩሌታ ቢጀምር ደግሞ በአንድ እይታ ግማሹን ቦይ ከጥርጣሬ ነፃ ያወጣል። በኮምፒዩተርም ላይ የምንከተለው ይህንኑ አካሄድ ነው፤ ለዚህም አስቀድሞ ቦዩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከእጅ እስከ ስክሪን

ማውስን ያሰበው አሜሪካዊው ዳግላስ ኤንግልባርት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያውን ዕቃ የሠራው ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ ነው። ዕቃው ከሥሩ ሁለት መንኮራኩሮች ያሉት የእንጨት ሳጥን ነበር፤ አንዱ መንኮራኩር የአግድሙን፣ ሌላው የሽቅቡን ጉዞ ይለካ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ ስብሰባ ላይ በይፋ ታየ። እነ ኤንግልባርት በስክሪኑ ላይ የሚሄደውን ምልክት «ባግ» ማለትም ተባይ ይሉት እንደ ነበር ማስታወስ ሳያስገርም አይቀርም፤ ዛሬ ይኸው ቃል የፕሮግራም ስህተት መጠሪያ ሆኖ የሚሠራበት ነውና።

ከዚያ ወዲህ መንኮራኩሩ ለኳስ፣ ኳሱም ለብርሃን ቦታውን ለቀቀ። በዛሬው ማውስ ሥር የምትገኘው ትንሽ ካሜራ የጠረጴዛውን ገጽ በሴኮንድ ከሺህ ጊዜ በላይ እያነሣች፣ ሁለት ተከታታይ ሥዕሎችን በማነጻጸር ገጹ ወዴት እንደ ሸሸ ታሰላለች። ምንም ምልክት በሌለው መስታወት ላይ የምታነጻጽረው ነገር ስለማታገኝ ትታወራለች። በቀዳዳዋ ውስጥ የተጋደመ አንድ ክር ወይም የአቧራ ጉድፍም ጠቋሚውን ሊያንቀጠቅጠው ይችላል።

አንባቢው በተለይ እንዲያስተውለው የምንፈልገው ነጥብ የሚከተለው ነው። ማውስ ለኮምፒዩተሩ «እዚህ ነኝ» ብሎ አያውቅም። የሚናገረው «ካለፈው ጊዜ ወዲህ ይህን ያህል ወደ ቀኝ፣ ይህን ያህል ወደ ላይ ሄጃለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። የጠቋሚውን ስፍራ የሚያውቀው እነዚህን ትንንሽ እርምጃዎች እየደመረ የሚይዘው የኮምፒዩተሩ ዋና ሥርዓት፣ ማለትም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ስለዚህ ማውሱን ከጠረጴዛው አንሥተን ሌላ ቦታ ብናስቀምጠው ጠቋሚው ከነበረበት አይነቃነቅም። በአንጻሩ አንድ የተሳሳተ እርምጃ ወደ ድምሩ ከገባ ከዚያ በኋላ ያለው ስፍራ ሁሉ ተዛብቶ ይቀጥላል።

በአሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ በክብ መሰኪያ የሚገናኝ ማውስ አለ። ይህ ዓይነቱ ማውስ እያንዳንዱን መልእክት በተለምዶ በሦስት ባይት ይልካል፤ የመጀመሪያው የቁልፎቹን ሁኔታ፣ ሁለተኛው የአግድሙን፣ ሦስተኛው የሽቅቡን እርምጃ ይይዛል። ሽቦው ላልቶ አንድ ባይት በመንገድ ቢቀር ተቀባዩ የአግድሙን እርምጃ እንደ ቁልፍ ሁኔታ፣ የሽቅቡንም እንደ አግድም ያነበዋል። ያን ጊዜ ጠቋሚው ወደ ማዕዘን ተስፈንጥሮ ማንም ያልነካቸው ዝርዝሮች በስክሪኑ ላይ ይከፈታሉ። ይህን ለመከላከል በመጀመሪያው ባይት ውስጥ አንዲት ቢት ሁልጊዜ 1 እንድትሆን ተደርጓል፤ ሆኖም በሌላ ባይት ውስጥም ያች ቢት በአጋጣሚ 1 ልትሆን ስለምትችል ጥበቃው ፍጹም አይደለም። ባለ ክብ መሰኪያው ጠቋሚ ሲዘል «ያልተነካ ነገር ይከፈታልን?» ብሎ መጠየቅ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው። መልሱ አዎን ከሆነ ዕቃውን ከመጣል በፊት ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ መሰኪያውን ነቅሎ ማጥበቅ ይገባል።

ድምሩን የያዘው ሥርዓት ፍላጻውን እንዲሥል ብዙውን ጊዜ የስክሪኑን ካርድ ያዝዛል። ካርዱም ፍላጻውን ከሌላው ሥዕል በላይ ለብቻው ያሳርፈዋል፤ በስክሪን ፎቶግራፍ ላይ ፍላጻው ብዙ ጊዜ የማይታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ ለመምህሩ እጅግ የሚጠቅም ምልክት ይገኛል። ፍላጻው በሚገባ እየተንቀሳቀሰ ሳለ የሚጫኑት ሁሉ መልስ ካልሰጠ፣ ከእጅ እስከ ፍላጻ ያለው ቦይ ውሃ እየወረደበት ነው ማለት ነው፤ የማውሱ የእንቅስቃሴ መለኪያ ጤነኛ ነው፤ የተገታው ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ ነው። የቦዩ እኩሌታ የምንለው ይህ ነው።

የአንድ ላፕቶፕ ታሪክ

በአገራችን ትምህርት ቤቶች ከታዩት ኮምፒዩተሮች መካከል ስለ ጠቋሚ ስህተት ብዙ የሚያስተምረው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በሚለው ድርጅት የተሠራው አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ ነው። «ኤክስ ኦ» የሚባለው ይህ ዕቃ በብዛት መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ በ2008 በሺህ የሚቆጠሩት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአዲስ አበባና በገጠር ለሚገኙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰጡ። የአማርኛ ፊደል የተጻፈበት የፊደል ገበታም ተዘጋጅቶለት ነበር።

የላፕቶፑ የመጀመሪያ ሞዴል ሰፊ የመዳሰሻ ሰሌዳ ነበረው። የሰሌዳው መካከለኛ ክፍል ጣትን እንዲያውቅ፣ ሙሉው ስፋት ደግሞ እንደ ብዕር ባለ ዘንግ ለመጻፊያ እንዲያገለግል የታሰበ ነበር። ሐሳቡ ያማረ ቢሆንም ሁለቱን አሠራሮች አጣምሮ መያዝ ስህተት ስላበዛ፣ መሐንዲሶቹ በመጨረሻ የመካከለኛውን ሲሶ ብቻ እንደ ተራ ማውስ ማሠራት ግድ ሆነባቸው። በዚህም ችግሩ አላበቃም። ሰሌዳው አልፎ አልፎ ማንም ሳይነካው መልእክት ማጉረፍ ይጀምራል፤ ልጁ በዚያው ሰዓት ሊጠቀምበት ቢሞክር ጠቋሚው እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል።

የመዳሰሻ ሰሌዳ ጣትን የሚያውቀው ማንም ባልነካው ጊዜ ያለውን የኤሌክትሪክ መጠን «ዜሮ» ብሎ ይዞ ከዚያ የሚለየውን በመለካት ነው። ያ ዜሮ በተሳሳተ ሰዓት ከተያዘ፣ ለምሳሌ ጣት ወይም ላብ ባረፈበት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ልኬት ሁሉ ይዛባል። ስለዚህ ላፕቶፑ በፊደል ገበታው አራት ማዕዘኖች ያሉትን አራት ቁልፎች በአንድ ጊዜ በመጫን ዜሮውን እንደገና እንዲይዝ ተደርጎ ነበር። ይህን የማያውቅ መምህር ላፕቶፑን «የተበላሸ» ቢለው አይፈረድበትም፤ የሚያውቀው ግን ጣቱን ከሰሌዳው አንሥቶ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይመልሰዋል።

ከዚህ ይልቅ የሚደነቀው የመሐንዲሶቹ መላ ነው። ጉርፊያው ለምን እንደሚነሣ ሥር መሠረቱን አላወቁትም፤ በጽሑፋቸውም ይህንኑ ሳይደብቁ አስፍረዋል። ያደረጉት ነገር መልእክቶቹን ቁጭ ብሎ መቁጠር ነበር። በቆጠራውም ሁለት ነገር አስተዋሉ። ሰሌዳው በራሱ ሲያጎርፍ እያንዳንዱ እርምጃ ከአሉታዊ 2 እስከ አዎንታዊ 2 ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል፤ መቶ ያህል መልእክቶች ቢደመሩም ድምሩ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ጠቋሚው ይንቀጠቀጣል እንጂ ከቦታው እምብዛም አይርቅም። የሰው ጣት ይህን ሆን ብሎ ላስመስል ቢል እንኳ ይቸግረዋል። ስለሆነም ሰሌዳውን የሚያዝዘው ፕሮግራም ድምሩን እየያዘ ይህን ምልክት ባየ ቁጥር ዜሮውን ራሱ እንዲያስተካክል አደረጉት። ለዝላይም ሌላ ደንብ አወጡ፤ በአንድ መልእክት 100 ያህል የሚደርስ እርምጃ ቢመጣ የሕፃን ጣት ያን ያህል ሊሄድ አይችልምና መልእክቱ ይጣላል። ከዚያ በኋላ በወጡት ላፕቶፖች ላይ ሰሌዳው በሌላ ዓይነት ተተካ።

ይህ ታሪክ ለሒሳብ መምህር የተዘጋጀ ልምምድ ይመስላል። በአሉታዊና በአዎንታዊ ቁጥሮች መደመርን የሚማሩ ተማሪዎች ሁለት የእርምጃ ረድፎች ይሰጣቸው፤ ረድፎቹን ለማስረዳት እኛው ያዘጋጀናቸው ናቸው። የመጀመሪያው ረድፍ፦ 1፣ −2፣ 1፣ 0፣ 2፣ −1፣ −1፣ 1፣ −2፣ 1። ሁለተኛው ረድፍ፦ 2፣ 3፣ 5፣ 4፣ 6፣ 5፣ 3፣ 2፣ 1፣ 0። የመጀመሪያው ድምር 0፣ የሁለተኛው 31 ነው። «ጣት ያለበት የትኛው ነው?» ቢባሉ ይመልሳሉ። ከዚያም መምህሩ ጣታቸውን በክብ የሚያዞሩ ልጆችን ጉዳይ ያንሣ። ክብ ተዞሮ ከተነሡበት ሲደርሱ የእርምጃዎቹ ድምር 0 ይሆናል፤ ታዲያ ፕሮግራሙ ይህን እንደ ስህተት ይቆጥረዋልን? መልሱ የሚገኘው ሁለቱም ሁኔታዎች በአንድነት መሟላት አለባቸው በሚለው ላይ ነው፤ በሩጫ የሚዞር ጣት እርምጃው ከ2 ይበልጣል። አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም የሚለውን ተማሪው በዚህ መንገድ ቢረዳው ከንግግር ይሻለዋል።

በዛሬዎቹ ላፕቶፖችም ተመሳሳይ ዝላይ የሚታይበት ሌላ ምክንያት አለ። የመሬት ሽቦ በሌለው የግድግዳ ሶኬት ላይ ባትሪው ሲሞላ ከመሙያው የሚመጣው የኤሌክትሪክ ሁከት ወደ መዳሰሻ ሰሌዳው ሊገባ ይችላል። ፍተሻው ቀላል ነው፤ መሙያው ይነቀል። ጠቋሚው በዚያው ቅጽበት ከረጋ በላፕቶፑ ላይ ጉድለት የለም፤ የሕንፃው የኤሌክትሪክ መስመር ግን መታየት አለበት። ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት ባለባቸው ትምህርት ቤቶች ይህን ሳይሞክሩ ላፕቶፕ መመለስ ትክክል አይመስለንም።

ፍላጻው ጤነኛ ሆኖ መስኮቱ ሲስት

ከቦዩ እኩሌታ በታች ያለው ክፍል የፕሮግራሞች ግዛት ነው። ፕሮግራም ጸሐፊዎች መስኮቱንና ቁልፎቹን እያንዳንዳቸው ከመጀመሪያው አይሠሩም፤ «ቱልኪት» በሚባል የተዘጋጀ የመሣሪያ ስብስብ ይጠቀማሉ። ጠቋሚው በየትኛው ቁልፍ ላይ እንዳለ የሚወስነው፣ መልኩን ከፍላጻ ወደ እጅ ወይም ወደ አሸዋ ሰዓት የሚለውጠው ይህ ስብስብ ነው።

የአሸዋ ሰዓቱ አልመለስ የሚለው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት ስንፍና ነው። ፕሮግራሙ ረጅም ሥራ ሲጀምር መልኩን ይለውጣል፤ ሲጨርስ ሊመልሰው አስቧል። በመካከሉ ስህተት ደርሶ በሌላ መንገድ ከወጣ የመመለሻዋ መስመር ሳትነበብ ትቀራለች። መፍትሔው የመመለሻውን ትእዛዝ ስህተት ቢደርስም ባይደርስም በሚፈጸም ክፍል ውስጥ መጻፍ ነው። መምህሩ ስህተቱን ለማወቅ ጠቋሚውን ወደ ሌላ ፕሮግራም መስኮት ይውሰደው፤ እዚያ ፍላጻ ከሆነ ጉድለቱ የአንዱ ፕሮግራም ብቻ ነው። የጠቋሚው ጨርሶ መጥፋትም የዚህ ዘመድ ነው። በዊንዶውስ ጠቋሚውን መደበቅና ማሳየት በቁጥር ይያዛል፤ «ደብቅ» ሲባል አንድ ይቀነሳል፣ «አሳይ» ሲባል አንድ ይጨመራል፣ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሲሆን ጠቋሚው አይታይም። ሁለት ጊዜ ደብቆ አንድ ጊዜ ብቻ ያሳየ ፕሮግራም ሒሳቡን ያልዘጋ ገንዘብ ያዥ ነው።

በይበልጥ ልንቆይበት የሚገባው ግን «እዚህ ስጫን እዚያ ይከፈታል» የሚለው አቤቱታ ነው። ይህ አቤቱታ ሁለት የተለያዩ ስህተቶችን ይይዛል፤ የሚለዩትም በማስመሪያ ነው። ፍላጻው ምንም እንኳ ሰፋ ያለ ሥዕል ቢሆን ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ከሥዕሉ አንዲቱን ነጥብ ብቻ ነው፤ በትክክል ሲሠራ ያች ነጥብ የፍላጻው ጫፍ ናት። ፕሮግራም ጸሐፊው ነጥቧን በሥዕሉ መካከል ካስቀመጣት የሚጫነው ሁሉ ከጫፉ ትንሽ ወደ ታችና ወደ ቀኝ ይወድቃል። የስህተቱ መጠን በስክሪኑ ላይ የትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው።

ሁለተኛው ስህተት የሚመጣው ከመጠን ለውጥ ነው፤ ኮምፒዩተር ከፕሮጀክተር ጋር ሲገናኝ ወይም ፊደሉ እንዲታይ ሁሉም ነገር በ125 በመቶ ሲተለቅ ሊደርስ ይችላል። ቱልኪቱ ሥዕሉን አተልቆ የቁልፎቹን መዝገብ ሳያተልቅ ቢቀር፣ በመዝገቡ ላይ በ320ኛው ነጥብ ያለ ቁልፍ በስክሪኑ ላይ በ400ኛው ይታያል፤ ልዩነቱ 80 ነው። በመዝገብ በ640ኛው ያለው በ800ኛው ይታያል፤ ልዩነቱ 160 ሆነ። በግራ በኩል ከላይ ባለው ማዕዘን ግን ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ ተማሪዎች ስህተቱን በሁለት ቦታ፣ ማለትም ከዚያ ማዕዘን አጠገብና ከእርሱ ርቆ፣ በማስመሪያ ይለኩ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ከሆኑ የነጥቧ ስህተት ነው፤ በርቀት እያደገ ከሄደ የመጠን ስህተት ነው፤ የስክሪኑን መጠን ወደ 100 በመቶ መመለስም ለጊዜው ያስተካክለዋል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሣል አንዱ ቋሚ ቁጥር የተጨመረበት፣ ሌላው በቋሚ ቁጥር የተባዛ ቀጥተኛ መስመር ነው። የመስመርን እኩልታ የሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ የቅርብ ምሳሌ በቀላሉ አያገኝም።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የነበረን አንድ ተጨማሪ ችግር በአጭሩ እናንሣ። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር አሰጣጥ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ ለ345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶች የየራሳቸውን ቁጥር ከመስጠቱ በፊት፣ አንዳንድ ጽሑፍ ማዘጋጃዎች አንዱን ፊደል ከሁለት ቁርጥራጭ ይገጣጥሙት ነበር። ቱልኪቱ ሁለት ፊደል እንደ ሆነ ስለሚቆጥረው የመጻፊያው ምልክት በፊደሉ ሆድ ውስጥ ይቆም፣ አንድ ጊዜ ሲደመሰስም ቅጥያው ብቻ ይነሣ ነበር። አሮጌ የፈተና ወረቀቶች በኮምፒዩተር ላይ ሲከፈቱ እንዲህ ያለ ነገር ቢታይ ከማውሱ ጋር ግንኙነት የለውም።

በክፍል ውስጥ ስለሚደረግ ፍተሻ

ፍተሻው ከእኩሌታው ይጀመር፤ ፍላጻው ይንቀሳቀሳል ወይ? የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሌላ ፕሮግራም ይከፈት። በአንዱ ብቻ የሚስት ከሆነ ማውሱን መንካት አያስፈልግም። ፍላጻው ራሱ የሚዘል ወይም የቆመ ከሆነ እጅ ይነሣና ለአንድ ደቂቃ ይታይ፤ ቀጥሎ መሙያው ይነቀል፤ ከዚያ ማውሱ ከጎረቤት ኮምፒዩተር ጋር ይለዋወጥ። ስህተቱ ማውሱን ተከትሎ ከሄደ የማውሱ፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር ከቀረ የኮምፒዩተሩ ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይለወጥ፤ ማውሱን ለውጦ፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ፣ መሰኪያውንም አዛውሮ ችግሩን ያስወገደ ሰው ከሦስቱ የትኛው እንደ ረዳው ሊናገር አይችልምና።

ለየኮምፒዩተሩ አንድ ወረቀት ቢለጠፍና የታየው ምልክት፣ የተደረገው ለውጥ፣ ከለውጡ በኋላ የታየው ነገር በሦስት ዓምድ ቢጻፍ ጥሩ ነው። «የተበላሸ» የሚለው ቃል ከወረቀቱ ላይ ቢከለከል እንመርጣለን። «ባትሪ ሲሞላ ይዘላል፤ መሙያው ተነቀለ፤ ቆመ» የሚል አንድ መስመር ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲደርስ የፕላን ሠራተኛው የሚያስገዛው የመሬት ሽቦ ነው፤ «በመጠን 125 ይስታል፤ በ100 አይስትም» የሚለው ደግሞ ምንም ግዢ አይጠይቅም። ወረቀቱ በንብረት ክፍሉ ሳይሆን ተማሪዎች በሚያዩት ቦታ፣ ከስክሪኑ ጎን ይለጠፍ፤ ሦስተኛውን ዓምድ እነርሱ ይሙሉት።